የጎማ ዓመት በግንቦት ይጀምር፦ ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ የክረምትና የበጋ ጎማ ምርጫ ዳሰሳ

ጎንደር ውስጥ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ በጥር የሚያውቀውን መንገድ በሐምሌ አያገኘውም። በጥር አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ ዳር ዳሩን አቧራና ልቅ ጠጠር ይዞታል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ያው አቧራ ቀጭን ጭቃ ይሆናል፤ ጎርፉም ከኮብልስቶኑ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጠጠር እየገፋ አስፋልቱ ላይ ያራግፈዋል። ፍሬኑም ሾፌሩም አልተለወጡም። መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት ግን እያንዳንዳቸው መዳፍ የሚያህሉ አራት የጎማ ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ የሰው ሕይወትም የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው።

ታዲያ ለክረምትና ለበጋ የተለያየ ጎማና ቸርኬ መያዝ ያስፈልጋል? በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም የስፖርት መኪና ባለቤቶች ዘንድ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዎንታዊ ነው። እኛ ዘንድ የስፖርት መኪና ብርቅ በመሆኑ ጥያቄው የሌሎች ብቻ ይመስል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ብዙዎቹ ከባድ፣ ፈጣንና ትልቅ ቸርኬ ያላቸው ናቸው፤ ቀድሞ የስፖርት መኪናን ይመለከት የነበረው የጎማ ጉዳይ አሁን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ እስከ ደባርቅ፣ ሊማሊሞና ሰሜን ተራሮች ድረስ ይመረምራል።

ውጭ አገር ሁለት ጎማ ለምን ይያዛል?

የበጋ ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል፤ ሲጠነክርም አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ለበረዶ አገር የሚሠራው ጎማ ግን በቅዝቃዜም ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ላስቲክ አለው፤ ጥርሶቹም በረዶ እንዲነክሱ በብዙ ስስ መስመሮች ተሰነጣጥቀዋል። ለስፖርት መኪና የሚሠሩ አንዳንድ የበጋ ጎማዎች በከባድ ቅዝቃዜ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ አምራቾቹ ራሳቸው በዚያ ወቅት እንዳይነዱባቸው ያስጠነቅቃሉ።

ሕግም አለ። በካናዳ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ወይም ግግር ከያዘው ያለ በረዶ ጎማ መንዳት አይፈቀድም። ጀርመን ደግሞ ግዴታውን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይሆን ከመንገዱ ሁኔታ ጋር አያይዛዋለች፤ ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 ወዲህም የምትቀበለው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጎማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ሞንትሪያል የሚኖርና ፈጣን መኪና ያለው የጎንደር ልጅ ሁለት ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው ቢይዝ ትክክል ነው። በበጋ 225/40 አር 18 የሚጠቀም መኪና በበረዶ ወራት 205/55 አር 16 ሊጠቀም ይችላል፤ የሁለቱ ጎማዎች ሙሉ ቁመት 637 እና 632 ሚሊሜትር ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዛባም። ጠበብ ያለው ጎማ ቀልጦ የረጠበውን በረዶ ሰንጥቆ ወደ አስፋልቱ ይደርሳል፣ ከፍ ያለው የጎማው ጎን ከጉድጓድ ይጠብቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ትንሹ ቸርኬ የፊቱን ፍሬን ሳይነካ መዞሩ ነው።

ጎንደር ላይ ቅዝቃዜውና ውሃው በየፊናቸው ይመጣሉ

ይህንን አሠራር እንዳለ ወደ ጎንደር ማምጣት የማያዋጣው በአየሩ ጠባይ ምክንያት ነው። በአውሮፓ ቅዝቃዜው፣ እርጥበቱና በረዶው በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ጎንደር ላይ ግን ይለያያሉ።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ። በእነዚህ ወራት ቀኑ ነፋሻማና ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ሌሊቱ እንኳ ከ7 ዲግሪ በላይ ነው። እውነተኛው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደባርቅ በእነዚህ ወራት ማለዳ ወደ ዜሮ ትጠጋለች፤ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ ደግሞ ውርጭ መሬቱን ያነጣዋል። ግን መንገዱ ደረቅ ነው፤ ረፋዱ ላይም ፀሐይዋ አስፋልቱን ታሞቀዋለች።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። የጎንደር ክረምት ከጎማ የሚጠይቀው ውሃን ጨምቆ የሚያስወጣ ጥልቅ መስመርና እርጥብ አስፋልት የሚይዝ ላስቲክ ነው። ለብርድ የተለሰለሰ ላስቲክ አይጠይቅም። እንዲያውም ሞቅ ባለ ዝናብ ላይ ጥሩ የበጋ ጎማ ከበረዶ ጎማ ባጠረ ርቀት መኪናውን ያቆማል። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና ጋር የመጣ ወይም በርካሽ የሚሸጥ ጎማ ላይ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ወይም ጃፓኖች የሚያትሙት «ስተድለስ» የሚል ጽሑፍ ከታየ «ለክረምት ይሆናል» ብሎ መግዛት ስህተት ነው። ያ ጎማ እኛ አገር ሙቀት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ጥርሱ ስለሚላላም መሪው አይታመንም። ራስ ዳሸንና ቧሂት ላይ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ደግሞ ጎማ የሚያስቀይር አይደለም፤ እስኪቀልጥ መጠበቅን ነው የሚጠይቀው።

አራት መንገዶች፣ አራት ፍላጎቶች

ጎማ የሚመረጠው በብዛት ለሚነዳበት መንገድ ነው። ከጎንደር የሚነሡትን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ከተማው ራሱ ነው፦ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ማራኪ፣ አዘዞ። አስፋልቱ በዳገትና ቁልቁለት የተሞላ ነው፣ የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ ጠርዙ የወጣ ድንጋይ ደግሞ ንፋሱ የጎደለን ጎማ ከቸርኬው ጋር አጋጭቶ ጎኑን ያሳብጠዋል። እዚህ የሚያስፈልገው እርጥብ መንገድ ላይ በደንብ የሚይዝ ተራ የአስፋልት ጎማ ነው፤ ትልልቅ የጭቃ ጥርስ አይደለም።

ሁለተኛው ከጎንደር በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። መንገዱ ከጎንደር ከፍታ በላይ ከ700 ሜትር ይበልጥ ይወጣል። በክረምት ጉሙ ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ጠማማው ላይ ውሃ ይቋጠራል። ፍጥነት ያለበት መንገድ ስለሆነ እዚህ ዋናው ጠላት ጎማው በውሃ ላይ መንሳፈፉ ነው። በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት የተገኘ ቀመር አለ፦ ጥርሱ ያለቀ ጎማ የተኛ ውሃ ላይ ሲገባ 30 ፒኤስአይ ንፋስ ካለው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 20 ፒኤስአይ ከሆነ ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከመሬቱ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ መሪም ፍሬንም አይሠሩም። ንፋስ መጉደሉ ብቻ አደጋውን በሰዓት በ15 ኪሎ ሜትር አቀረበው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከደባርቅ በኋላ ያለው ነው። በአንድ በኩል በሊማሊሞ ጥምዝምዝ ወደ ዛሪማ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ በሌላ በኩል ሳንቃበርን፣ ጨነቅንና የቧሂትን መተላለፊያ አልፎ ወደ ጃናሞራ ይገባል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ በሐምሌ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። እዚህ ጎኑ የጠነከረ፣ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለና ጭቃን እያራገፈ የሚሄድ ጎማ ያስፈልጋል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ከጎማ ዓይነት የሚቀድመው አወራረድ ነው፤ በከባድ ማርሽ ያልወረደ መኪና ፍሬኑን ያግላል፣ የፍሬኑም ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ያልፋል።

አራተኛው ከአዘዞ በአይከል አድርጎ መተማ የሚወርደው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። መጨረሻው ከ800 ሜትር በታች ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይወጣል። እዚያ ጎማ የሚገድለው ሙቀት፣ ጭነትና የጎደለ ንፋስ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው።

ጎማው ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቁጥሩንና ዋጋውን ብቻ ነው። ጎማው ግን ራሱ ላይ ብዙ ተጽፎበታል። በቪትዝ ላይ የሚታየውን 165/70 አር 14 ብንወስድ፣ 165 በሚሊሜትር ስፋቱ፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ያለው መቶኛ፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው። ጎኑ 115 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጭነት ቁጥር ነው። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ፣ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 106 ማለት 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሃይሩፍ ሚኒባስ ላይ የሚገባው 195 አር 15 መጨረሻው ላይ «ሲ» የሚል ፊደል ሊኖረው ይገባል፤ የሥራ መኪና ጎማ መሆኑን ያመለክታል። መጠኑ ስለገጠመ ብቻ የቤት መኪና ጎማ በሚኒባስ ላይ ማሰር ተሳፋሪን አሳልፎ መስጠት ነው።

የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ሦስት የአሜሪካ ደረጃዎች ይገኛሉ፤ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ጥቅም አላቸው። «ትራክሽን» የሚለው በእርጥብ መንገድ ላይ ያለውን የማቆም አቅም ከኤኤ እስከ ሲ ያወጣል፤ ለክረምት መታየት ያለበት እሱ ነው። «ቴምፕረቸር» የሚለው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ከኤ እስከ ሲ ያሳያል፤ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ኤ ይፈልግ። «ትሬድዌር» የሚለው ቁጥር ዕድሜውን ይጠቁማል፤ ሲበዛ ጎማው ብዙ ይቆያል፣ ግን በጣም የከረረ ላስቲክ እርጥብ ላይ የመያዝ አቅሙ ሊያንስ ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ ማሳደድ አይገባም።

በመጨረሻም ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች አሉ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የደጋው ፀሐይ ላስቲክን ያደርቃል፤ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ጥርሱ ቢኖርም ይውጣ። በሱቅ ውስጥ «አዲስ» ተብሎ የተቀመጠ ጎማም በዚህ ቁጥር መመዘን አለበት።

ቸርኬ፦ ትንሽ ሲሆን ይጠቅማል

ትልቅ ቸርኬ ለዓይን ያምራል፤ በስፖርት መኪናም ላይ ለትልቅ ፍሬን ቦታ ይሰጣል፣ መሪውን ያፈጥናል። ግን ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን ያጥራል፤ ድንጋይና ጉድጓድ የሚያበርደው ያ ጎን ነው። ቢዋይዲ ሲጋል የተባለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 175/55 አር 16 ስትይዝ የጎማዋ ጎን 96 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከአሮጌው ቪትዝ ያንሳል። ይህችው መኪና ከፋብሪካዋ በ165/65 አር 15ም ትወጣለች፤ ጎኑ 107 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ሙሉ ቁመቱ ግን የሚለየው በ3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለጎንደር ኮብልስቶን ባለ 15ቱ ይሻላል።

ከባዱ ፎልክስቫገን አይዲ 4 ሌላ ነገር ያስተምራል። በ19 ኢንች ቸርኬ ሲመጣ የፊቱ 235/55፣ የኋላው 255/50 ነው። ስለዚህ የፊትና የኋላ ጎማን ማዟዟር አይቻልም፣ አንድ ስኮርታም ለሁለቱ እኩል አይስማማም። ከኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ደግሞ ስኮርታ ሳይኖራቸው፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የንፋስ መሙያ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ያ ፈሳሽ ጥርሱ ላይ ለገባ ሚስማር ይሠራል፤ ሹል ድንጋይ ጎኑን ለሰነጠቀው ጎማ ግን አይፈይድም። ከደባርቅ ወዲያ የሚሄድ ባለቤት ስኮርታና ክሪክ ገዝቶ መያዝ ግዴታው ነው።

በብረትና በአሉሚኒየም ቸርኬ መካከልም ምርጫ አለ። አሉሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ቀላልና የሚያምር ነው፤ ሲጋጭ ግን ይሰነጠቃል። ብረቱ ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታም ሊያቃናው ይችላል። ለኮረኮንች ብረቱን፣ ለከተማ አሉሚኒየሙን መምረጥ ያስኬዳል። ሌላ ቸርኬ ሲገዛ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት፣ የመሐሉ ቀዳዳ ስፋትና ቸርኬው ወደ ውጭ የሚወጣበት መጠን ከፋብሪካው ጋር መመሳሰል አለባቸው።

ንፋስ በቆላና በደጋ

ከመተማ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ይለወጣል። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው የጎማውን ንፋስ በ3 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ አድርጎ ያነብባል። ሙቀቱ ደግሞ በ30 ዲግሪ ቢወርድ 35 የነበረው በ5 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ቀትር በትክክል የተሞላ ጎማ በደባርቅ ማለዳ ጎድሎ ይገኛል። መፍትሔው ንፋስን ሁልጊዜ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ መለካትና በሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን መጠን መከተል ነው። በመንገድ የጋለን ጎማ «ንፋሱ በዛ» ብሎ ማስተንፈስ አደገኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፣ በታች የሆነ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል፣ ይፈነዳልም።

ምርጫዎቹ ሲመዘኑ

የመጀመሪያው ምርጫ እንደ ፈረንጆቹ የበረዶና የበጋ ጎማ መያዝ ነው። ለጎንደር አያስፈልግም፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥሩ የአስፋልት ጎማ መጠቀም ነው። በከተማና በደባርቅ መንገድ ለሚሠሩ የቤት መኪኖች፣ ታክሲዎችና ሚኒባሶች የሚበጀው ይህ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ጥርሱ ለዝናቡ ወራት በቂ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠራው ድብልቅ ጎማ ነው። ወደ ፓርኩ፣ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ለሚወጡ ላንድክሩዘሮችና ፒካፖች ትክክለኛው እሱ ነው። የጭቃ ብቻ የሆነው ጎማ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ስለሚንሸራተትና ስለሚጮኽ፣ ኑሮው ጭቃ ውስጥ ለሆነ መኪና ብቻ ይቅር።

አራተኛው ያገለገለ ወይም ዳግም የተለበደ ጎማ ነው። ዳግም መለበድ በአግባቡ ሲሠራ በዓለም ዙሪያ ለከባድ መኪና የኋላ ጎማ ያገለግላል፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ማድረግ ግን አይገባም። ያገለገለ ጎማ የተሠራበት ዘመን፣ የውስጥ ጥገናውና ጎኑ ካልታየ አይገዛ። አገር ውስጥ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ተመሥርቶ ኋላ ማታዶር አዲስ፣ ቀጥሎም ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው ፋብሪካ ያመረታቸውም ሆኑ ከውጭ የሚገቡት በዚሁ መለኪያ ይመዘኑ።

ፍርዱ

ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ ዋናው ጉዳይ ሁለት ዓይነት ጎማ መያዝ አይደለም፤ የመግዣው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ጎማ የሚቀይረው ሲያልቅበት ነው። በመስከረም የተገዛ ጎማ አቧራውንና ጠጠሩን ለስምንት ወር ሲበላ ከርሞ ሰኔ ሲደርስ ጥርሱ ሳስቶ ዝናቡን ይቀበላል። በግንቦት የተገዛ ግን ስምንት ሚሊሜትር ገደማ በሆነው ሙሉ ጥርሱ ክረምቱን ያልፋል፤ የሳሳው ጥርስ የሚደርሰው ደረቁ ወቅት ላይ ይሆናል። በአውሮፓ ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ በመስመሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ለሐምሌ ዝናብ ግን ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ጎማ ይዞ መውጣት አይገባም።

አቅም ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት የሚፈቅድ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ፤ መኪናው የሚጎትተው በፊት እግሩ ቢሆንም። ፊቱ ሲንሸራተት ሾፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል፤ ኋላው ከለቀቀ ግን መኪናው ይሽከረከራል፣ በአምባ ጊዮርጊስ ጠማማ ላይ ለማረም ጊዜ የለም። በአንድ አክሲል ላይ የተለያየ ዓይነት ጎማ አይታሰር።

የታክሲ ማኅበራትና የሚኒባስ ባለንብረቶች የጎማን ጉዳይ የግል ምርጫ ብቻ አድርገው እንዳይተዉት እንለምናለን። በየዓመቱ በግንቦት የአባሎቻቸውን ጎማ ጥልቀት፣ ዕድሜና ንፋስ ያስለኩ፤ ለጎማ መግዣ ከየወሩ ገቢ ጥቂት ጥቂት ያስቀምጡ። አንባቢም ሚኒባስ ሲሳፈር ዝቅ ብሎ ጎማውን ይይ፤ ልሙጥ ከሆነ አይሳፈር።